አንድ ኪሎ ስንት ፍሬ ነው

ቅርጫቱ ሣጥኑ ውስጥ ከገባ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ሚዛኑ አሁንም አንድ ሺህ አሥራ ሰባት ግራም ይላል።

እትዬ እንፋሎት መነጽሯን በሽርጧ ጫፍ ጠርጋ እንደገና አነበበች። አንድ ሺህ አሥራ ሰባት። ትናንትም ይኸው ነበር። ከትናንት በስቲያም ይኸው። ቅርጫቱን ወደ መደርደሪያው መለሰችና የሣጥኑን በር በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው። ከዚያ ክንዷን አከከች። ሳምንቱን ሙሉ ሲያሳክካት ነው የከረመው። ጥፋቱን ለአዲሱ ሳሙና ሰጥታዋለች።

ፋብሪካው የፕላስቲክ ዕቃ ይሠራል። በዚያ ሳምንት የያዙት ሥራ የሕፃን ጋሪ መቆለፊያ ነበር፤ ጋሪው ተዘርግቶ ሲቆም እንዳይታጠፍ የሚይዘው፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ጥቁር ነገር። መቆለፊያው ቀጭን ምላስ አለው። ጋሪው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ምላሱ ይጎብጣል፣ ይመለሳል። ምላሱ ከተሰበረ ጋሪው ልጁን እንደያዘ ይታጠፋል።

የሚሠራው ከናይሎን ነው። ናይሎን ውሃ የሚጠጣ ፕላስቲክ ነው። ከማሽኑ ትኩሱን ሲወጣ ውስጡ እርጥበት የለውም፤ እንደ ጭራሮ ቀጭ ይላል። አየር ላይ ሲሰነብት እርጥበት እየሳበ ይለዝባል፣ መጎበጥ ይለምዳል። ግን ወራት ይፈጅበታል። ፋብሪካ ደግሞ ወራት አይጠብቅም። ስለዚህ ከማሽን ክፍሉ ጀርባ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት፣ ሞቃትና እርጥብ አየር የሚነፋበት የብረት ሣጥን ተተክሏል። ዕቃው እዚያ ሁለት ቀን ያድራል። ሣጥኑን የምትጠብቀው እሷ ናት። ቅጽል ስሟም ከዚያ መጣ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ከጉሙ መሃል ብቅ የምትለው እሷ ስለሆነች።

ደንቡ ቀላል ነው። ሥራው ከማሽን እንደወጣ አንድ ኪሎ ደረቅ ዕቃ ትመዝንና በሽቦ ቅርጫት አድርጋ ከሌላው ጋር ታስገባለች። በየጠዋቱ ቅርጫቱን ብቻ ታወጣና ትመዝናለች። አንድ ሺህ ሃያ አምስት ግራም ሲሞላ ናይሎኑ የሚበቃውን ጠጥቷል ማለት ነው። ካርዱ ላይ ትፈርማለች። እሷ ሳትፈርም ማሸጊያ ክፍል አንዲት ፍሬ አይነካም። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ነው።

ሚዛን ያስተማራት አባቷ ነው። እህል ሻጭ ነበር። ልጅ ሆና ሽንብራ ስትቆጥር ካያት «እህል አይቆጠርም፣ ይመዘናል» ብሎ እጇን መታ ያደርጋት ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመቷ ወደ ፋብሪካው የገባችው በጽዳት ነው። ዘጠኝ ዓመት ከጠረገች በኋላ አንድ ቀን የእንፋሎት ሣጥኑ ጠባቂ ቀረ፤ ሚዛን ማንበብ የሚችል ሰው ተፈለገ፤ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ሄደች። በዚያው ቀረች።

ሣጥኑን በያዘች በሁለተኛው ዓመቷ አንድ ጊዜ ተሳስታለች። ያኔ የነበረው አለቃ ከኋላዋ ቆሞ ሲነዘንዛት፣ ሚዛኑ አንድ ሺህ አሥራ አንድ ላይ ሳለ ፈረመች። ከሁለት ወር በኋላ ሦስት ካርቶን ተመልሶ መጣ። አለቃው የተሰበሩትን መቆለፊያዎች በማርማላታ ጠርሙስ ሞልቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። አለቃው ሄዷል። ጠርሙሱ እስካሁን አለ።

በዚያው ቀን፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የማሽን ክፍሉ ፎርማን መጣ። በፋብሪካው ያለው ስም «ቶሎ» ነው፤ ከአፉ የማይለየው ቃል ስለሆነ።

«እትዬ፣ ደህና አደርሽ? ፈረምሽ?»

«አልፈረምኩም።»

«ስድስት ቀን! እንኳን ናይሎን ግመል ጠጥቶ ይጠግባል።»

«ሚዛኑን ራስህ እየው።»

አላየውም። «ሰኞ ከሰዓት መኪናው ይመጣል። ስድስት ሺህ ፍሬ። እኔ በሰዓቱ አስወጥቻለሁ። የቀረው ያንቺ ፊርማ ነው። ቶሎ በይ እንጂ።»

«ሣጥኑን ፈትሻለሁ። ሙቀቱ ልክ ነው፤ እርጥበቱ ልክ ነው። አሥራ ሰባት ላይ ደርሶ ቆመ። እንቢ አለ።»

«ናይሎን እንቢ አይልም፣ እትዬ። እንቢ የሚል ሰው ነው።»

እሷ መዝገቧን ለማምጣት ወደ ጓዳው ገባች። ስትመለስ ቅርጫቱ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ቶሎ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ሚዛኑ አንድ ሺህ ሃያ ስድስት ይላል።

«ይኸው! አንቺ አታይበትም ይሆናል።»

ቅርጫቱን አየች። ከሥሩ ጠብ ጠብ ይላል። ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ያለው ባልዲ ገና ይወዛወዛል። ፎጣ ዘርግታ ዕቃውን ገለበጠችው፣ አሸት አሸት አድርጋ አደረቀችው፣ መልሳ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተችና ሚዛኑ ላይ አኖረችው።

አንድ ሺህ አሥራ ሰባት።

«የነከርከው ቆዳውን ነው» አለች። «ሆዱ አልጠጣም።»

ቶሎ አላፈረም። ፎጣውን አንስቶ እጁን አደረቀበት። «እኔ የምነግርሽ ለራስሽ ብዬ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ራሱ ይመጣል። ያኔ እንደኔ አይለምንሽም።»

የሚያናድዳት ውሸቱ አልነበረም። ቶሎ ሲቸኩል የማያደርገው ነገር የለም፤ ትናደድበታለች፣ ትረሳዋለች። ያንገበገባት ሌላ ነው። አሥራ አራት ዓመት ያልዋሸ ሚዛን ነው ይኼ፤ ዛሬ አንድ ነገር እየነገራት አልገባትም።

ቤት ስትደርስ ባሏ ሾርባ አሙቋል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለሚውል ማታ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ነው የሚበላው። ነገሩን ነገረችው። ዳቦውን ሾርባው ውስጥ እየነከረ አዳመጠ።

«አንድ ሰው ፀጉሬን አሳጥርልኝ ብሎ መጣ እንበል» አለ። «እኔ ገና አልደረሰም፣ ሳምንት ቆይተህ ና አልለውም። እቆርጣለሁ።»

«ፀጉር መልሶ ይበቅላል።»

«ፈርሚና ተገላገይ ነው የምልሽ። ጡረታሽ ስድስት ዓመት ነው የቀረው። አሁን መጥረጊያ ይዘሽ ደረጃ ልትጠርጊ ነው? በዚያ ወገብ?»

«ቢሰበርስ?»

«የሚሰብረው ማን ነው? አንቺ ነሽ? የሠራው ሌላ፣ ያዘዘው ሌላ፣ የሚሸጠው ሌላ። በመካከል አንቺ ብቻ ነሽ እንቅልፍ የምታጪው።» ዳቦውን ጠቆማት። «ብይ። ደግሞ ክንድሽን አትከኪው፣ ቆሰለ።»

እሑድን እንዲሁ ስታከክና ስታስብ ዋለች። ባሏ ያለው እውነት ነበር፤ ያ ነው የባሰባት።

ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ ከአሥራ ሰባት ንቅንቅ አላለም። ሥራ አስኪያጁ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ከእሷ በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ «እርስዎ» ማለት አያጓድልም።

«እትዬ፣ ችግሩ ምንድን ነው?»

«ዕቃው አልጠጣም፣ ጌታዬ። ሃያ አምስት አልሞላም።»

«ስድስት ቀን ሙሉ?»

«ዛሬን ጨምሮ ስምንተኛው ነው። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። ሳላውቅ አልፈርምም።»

«መቼ ያውቃሉ?»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። «እስከ ስድስት ሰዓት ይፈርሙ። ካልፈረሙ ፎርማኑ ይፈርምና እርስዎን ወደ ጽዳት እንመልስዎታለን። የቀጣሁዎት አይምሰልዎት። እዚህ ቦታ የሚወስን ሰው ነው የምፈልገው።» ወደ በሩ ሄዶ ዞር አለ። «ማሸጊያ ክፍል ዕቃውን ከአሁኑ ማውጣት ይጀምር። ጊዜ የለንም።»

ጊዜ የለንም ባለ በሩብ ሰዓት ውስጥ የማሸጊያ ክፍል ኃላፊዋ የዕቃ ጋሪዋን እየገፋች መጣች። ከእትዬ እንፋሎት ጋር በአንድ ወር ነው የተቀጠሩት። ፋብሪካው «ቆጣሪዋ» ይላታል። የምታሽገው መቶ መቶ እያደረገች በቁጥር ነው፤ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ እንኳ አትሳሳትም። የሚዛን ቅርጫቱ ሁልጊዜ የመጨረሻው መቶ ነው። ሌላው ሁሉ ከታሸገ በኋላ ቅርጫቱን ሳትቆጥር አንድ ከረጢት ውስጥ ትገለብጠዋለች፤ አንድ ኪሎ መቶ ፍሬ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ዛሬ ግን ጥድፊያ ስለሆነ ቅርጫቱን በመጀመሪያ አነሳችው። ከረጢቱ ውስጥ ገለበጠች። ከረጢቱን አየችው። ከረጢቱ አልሞላም።

«አንቺ፣ ይሄ ጎደሎ ነው።»

«ምኑ?»

«መቶ አይሆንም። ዓይኔ ይነግረኛል።» ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና በአምስት በአምስት እየጠረገች ቆጠረች። «ሰማንያ ሦስት። አሥራ ሰባት ፍሬ የት አደረስሽብኝ? ለልጅ ልጆችሽ ጋሪ እየሠራሽ ነው እንዴ?»

«የልጅ ልጅ የለኝም። አንድ ኪሎ ነው የመዘንኩት። ደረቁን፣ በእጄ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ ትመዝኛለሽ፣ እኔ እቆጥራለሁ። ሰማንያ ሦስት ነው። ደርቀሻል ሲሉሽ ነው የሰማሁት፤ አሁን ደግሞ መቁጠር ጠፋሽ?»

እትዬ እንፋሎት ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አንድ ኪሎ መቶ ፍሬ ከነበረ፣ ዛሬ ሰማንያ ሦስት ከሆነ፣ እያንዳንዱ ፍሬ ከብዷል። ቅርጹ ያው፣ መጠኑ ያው፣ ቀለሙ ያው ጥቁር። ውስጡ ግን ያው አይደለም። ዕቃውን ለውጠውታል። እሷ ደግሞ መዝና መዝና አልቆጠረችም። እህል አይቆጠርም፣ ይመዘናል። ስምንት ቀን ሙሉ የማታውቀውን ዕቃ በድሮው ቁጥር ስትለካ ከርማለች።

ጠርሙሱን አነሳች። ከውስጡ አንድ የድሮ ስባሪ፣ ከተቆጠሩት አንድ አዲስ መቆለፊያ ይዛ ወደ መመገቢያ ክፍል ሄደች። ቆጣሪዋ ተከተለቻት። የሻይ ምድጃውን ለኩሳ የድሮውን በጉጠት ይዛ እሳቱ ላይ አኖረችው። ቀለጠ፣ ተንጠባጠበ፣ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፣ አለቀ። ጉጠቱ ላይ የቀረው ጥቁር ነጥብ ብቻ ነበር።

አዲሱን አስከተለች። ነደደ፣ ጨሰ። ግን አልተንጠባጠበም። እሳቱ ሲያበቃ መቆለፊያው እንደቆመ ቀረ፤ ምላሱም እንደነበረ። ነጣ ያለ፣ ሻካራ፣ እንደ ብሩሽ ፀጉር የቆመ ክር ብቻ ሆነ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ቆጣሪዋ።

እትዬ እንፋሎት በጣቷ ነካችው። ቆረቆራት። ክንዷን አየች።

«ብርጭቆ» አለች። «የብርጭቆ ክር ነው። ሲያሳክከኝ የከረመው እሱ ነው። በየጠዋቱ ዕቃውን በእጄ ሳገላብጥ። ብርጭቆ ውሃ አይጠጣም። ናይሎኑ የራሱን ድርሻ ጠጥቶ ጨርሷል። አሥራ ሰባቱ ልክ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«እሰይ! እንግዲህ ፈርሚያ!»

«ምኑን ነው የምፈርመው?» ወደ ቦታዋ ተመልሳ ከማሸጊያው ጋሪ ላይ ሌላ መቆለፊያ አንስታ ምላሱን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ደረቀባት፤ እንደ ድሮው አልለዘበም።

ወደ ማሽን ክፍሉ ሄደች። ቶሎ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ዕቃው ተለውጧል?»

«የቱ?»

«የጥሬው ከረጢት። ናይሎኑ።»

«አዎ፣ አዲስ ነው ብለውኛል። የተሻሻለ። ሙቀቱን ጨምር አሉኝ፣ ጨመርኩ።»

«ለእኔስ?»

ቶሎ ከልቡ ተገረመ። «አንቺ ምን ታደርጊበታለሽ? አንቺ የምትመዝኚ ነሽ።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። አልተናገረችውም። ብትናገረው ቶሎ ይስቅ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። የተቃጠለውን መቆለፊያ በወረቀት ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እሱ ብዕሩን አስቀምጦ አየው።

«ብርጭቆ ያለበት መሆኑን አውቃለሁ» አለ። «ሠላሳ በመቶ። እኛ ነን የመረጥነው። የአምራቹ ወረቀት ጥንካሬው እጥፍ ነው ይላል።»

«የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው።»

«ምን አሉ?»

«ምንም። አዎ፣ ዕቃው ጠጥቷል፤ የቆምኩበት ቁጥር የድሮው ነበር። ይሄን ጥፋቴን እቀበላለሁ።»

«ጥሩ። እንግዲያው ይፈርሙ።»

«ጥንካሬው ለመሸከም ነው፣ ጌታዬ። ይሄ ዕቃ አይሸከምም። ይጎብጣል።»

«ጠንካራ ነገር እንዴት ይሰበራል?»

«ጠንካራ ስለሆነ ነዋ።» ከኪሷ አዲስ መቆለፊያ አወጣች። «እየከፈተ እየዘጋ በሚፈትነው ማሽን ላይ ተፈትኗል?»

«ፈተናው ሁለት ቀን ይፈጃል። የተሻለ ዕቃ ስለሆነ አላስፈለገም።»

እሷም መቆለፊያውን በሁለት እጇ ይዛ ምላሱን ትጫን ትለቅ ጀመር። ጮክ ብላ ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሥራ አስኪያጁ አሥር ላይ ስልኩን አየ። ሃያ ላይ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ሠላሳ ላይ «እትዬ፣ ገብቶኛል» አለ። አላቆመችም። አውራ ጣቷ ነጣ። አርባ። ሃምሳ። ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ አንገቷን አስገባች። ስልሳ።

ስልሳ አንድ ላይ ቀጭ አለ። ምላሱ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ እስከ ስልኩ ድረስ ተንሸራተተ።

«የድሮው አሥር ሺህ ይችላል» አለች። «ሕፃን ልጅ ያላት እናት ስልሳ ጊዜ የምትከፍተው በስንት ቀን ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ምላሱን አንስቶ ለረጅም ጊዜ አገላበጠው። ሁለት ትናንሽ ልጆች እንዳሉት ፋብሪካው ሁሉ ያውቃል። ስልኩን አነሳና ለመኪናው ሰዎች ደወለ። «ዛሬ አትምጡ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ይሄን ለምን ዛሬ ሳይሆን ባለፈው ሰኞ አላሉኝም?»

የተቃጠለውን መቆለፊያ በወረቀቱ ጠቅልላ ወጣች።

በሳምንቱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሁለት ወረቀት ወጣ። አንዱ በጋሪ መቆለፊያው ላይ የተገኘውን ጉድለት በወቅቱ ስላስቆመ ለማሽን ክፍል ምስጋና ያቀርባል። ሁለተኛው በጥሬ ዕቃ ለውጥ ጊዜ ሁሉም ክፍሎች መነጋገር እንዳለባቸው ያሳስባል፤ ማን ለማን እንደሚናገር አይልም። ሦስተኛው ወረቀት ሰሌዳ ላይ አልወጣም። በፖስታ ለእሷ መጣ። ትክክለኛ ባልሆነ የክብደት ሠንጠረዥ በመጠቀም ስድስት ቀን ሥራ ስላዘገየች የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ጸሐፊዋ መቀበያውን አስፈረመቻት።

«እዚህ ላይ አንድ መስመር ልጻፍ?» አለች እትዬ እንፋሎት። «የብርጭቆው ወረቀት ለእኔ አልደረሰም የሚል።»

«እዚያ ላይ አይጻፍም፣ እትዬ። ፊርማ ብቻ ነው።»

ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። ውሸት ፈለገችበት። ስድስት ቀን ነው ወይስ ስምንት ብሎ ከመከራከር በቀር የሚያዝ አልነበረውም። ፈረመች።

ማታ ባሏ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብቦ አጠፈው። «ሕፃናቱ ከጋሪ አልወደቁም» አለ። «ሥራሽም አለ። ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እንዲነግሩኝ።»

«ይሄማ ብዙ ነው» አለና ሾርባውን አማሰለ።

የአዲስ ጥሬ ዕቃ ወረቀት ግልባጭ ለእንፋሎት ክፍል እንዲሰጥ ማመልከቻ ጻፈች። መልስ አልመጣም። ሌላ ጻፈች። ጸሐፊዋ «ደርሷል» አለቻት። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ። ከጠርሙሱ አጠገብ አንድ የልጅ ደብተር አኖረች፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «የድሮው፦ መቶ ፍሬ፣ ሃያ አምስት። ብርጭቆ ያለበት፦ ሰማንያ ሦስት ፍሬ፣ አሥራ ሰባት» ብላ ጻፈች።

ከወር በኋላ የጋሪው መቆለፊያ እንደገና ተጀመረ። የመጀመሪያው ሥራ በካርቶን ሆኖ ሲመጣላት አንድ ኪሎ መዘነች። ከዚያ ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ፣ እንደ ቆጣሪዋ በአምስት በአምስት እየጠረገች፣ ቆጠረች።

አንድ መቶ አምስት።

እንደገና ቆጠረች። አንድ መቶ አምስት። ምላሱን ተጫነችው፤ ከድሮውም በላይ ለዘብ ብሎ ጎበጠና ተመለሰ። ጥሩ ነበር። ግን ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ምን ያህል መጠጣት እንዳለበትም አላወቀችም። ብዕሯን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ወደ ማሽን ክፍሉ ወጣች።

«ደግሞ ምን ጨመራችሁበት?»

ቶሎ ከማሽኑ ጩኸት በላይ ጮኸ። «ጎማ! ጎማ የተቀላቀለበት ነው፤ ለመጎበጥ የተሻለ ነው አሉ። አልነገሩሽም እንዴ?»

«ወረቀቱስ?»

«ከረጢቱ ላይ ነበር።»

«ከረጢቱስ?»

በአገጩ የጓሮውን በር አሳያት። «ጣልነው። ቶሎ ካልሽ መኪናው ገና አልወሰደውም።»

እትዬ እንፋሎት እጅጌዋን ጠቀለለችና የቆሻሻ ገንዳውን ክዳን አነሳች።